ወለል የለም

ቁልፍ ያዥ ነኝ እኔ፣ የዩኒቨርሲቲው መዋኛ ቤት ሎሌ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ክሎሪን ለክቼ፣ ክሎሪን ሆነ ጠረኔ፣ ክሎሪን ሆነ ዕድሌ።

ታርቱ ላይ በኅዳር፣ ነጋ ሲሉት አይነጋም፤
ኤማዮጊ ወንዙ ዳር ዳሩን ረግቶ፣
መሐሉ ብቻ ይሄዳል፣ እሱም አይቸኩልም።

እንዲያ ባለ በአንዱ ጨለማ ማለዳ
የኳስ ከረጢት አዝላ ከሐንጋሪ መጣች አንዲት እንግዳ።
"ኢልዲኮ እባላለሁ። የሴቶች ዋተር ፖሎ ላቋቁም ነው።
ስንት ሰዓት ትሰጠኛለህ?"
"ዋናተኞቹ ሳይመጡ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ
እስከ አሥራ ሁለት ተኩል" አልኳት፣ እምቢ እንድትል አስልቼ።
"ይበቃል" አለችኝ።
ቁልፉን ሰጠኋት፣ ሌላ ሰበብ አጥቼ።

ኳስ ነበራት አራት፣ ሁለቱ የሚያፈስሱ።
ግብ ግን አልነበራትም። ከጓዳ የተረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ
ቆርጬ ቀጠልኩላት፣ ሚስቴ መረብ ሰፋችበት፤
ሲንሳፈፍ ያጋድላል፣ ቢሆንም ግብ ነው እሱ።

ልጆቹንስ ከየት ለቀመቻቸው?
አንዷ ቀዛፊ ነበረች፣ ጀልባ ያስመረራት፤
ማሬት የጥርስ ሕክምና ተማሪ፣ እንደ ሰፌድ መዳፍ ያላት፤
ሁለቱ ከዋናው ቡድን የተባረሩ፣ ዘገያችሁ ተብለው፤
ረጅሟ ሄልጂ ደግሞ በቅጡ መዋኘት እንኳ አትችል።
"ምን ቸገረሽ?" አለቻት፣
"አንቺ በር ነሽ። በር አይዋኝም፣ ይዘጋል።"

መዋኛችን ግማሹ ጥልቅ ነው፣ ግማሹ እስከ ደረት ድረስ፤
ድካም ሲመጣ እግር ያውቃል፣ ሳያስፈቅድ ወደ መሬት መመለስ።
ኢልዲኮ በመጀመሪያው ቀን ዳር ላይ ተንበርክካ
"ወለል የለም" አለች።
"ያ ታች የምታዩት ሰማያዊ ሸክላ ሥዕል ነው።
የነካች ትወጣለች።
ማንም አያወጣትም። ራሷ ትወጣለች።"

ከዚያ ወዲያ ያየሁት! እግራቸው እንደ እንቁላል መምቻ ሲሽከረከር፣
አፋቸው ውሃ ሲውጥ፣ ሲተፋ፣ ሲሳደብ በሦስት ቋንቋ፤
የተጣለ ወንበር በሁለት እጅ ከውሃ በላይ ተሸክመው
"በቃ?" ሲሏት፣ "ገና ነው" ስትል፣ "ገና ነው፣ መች በቃ!"

ከፓምፕ ክፍሌ ውሃው ውስጥ የሚያሳይ መስኮት አለኝ፣ የሰሃን ያህል።
የሊስን አውራ ጣት አይቻለሁ፣ የክርስቲን ተረከዝ፤
ትንፍሽ አላልኩም። የመስኮት ሥራው ማየት እንጂ መክሰስ አይደል።

በመጋቢት ማለቂያ ከሪጋ ቡድን መጣ፤
ትከሻቸው ቁም ሣጥን ያህላል፤ "እግዜር ያውጣ" አልኩ፣ "እግዜር ያውጣ"።
ሊያልቅ አርባ ሰከንድ ቀርቶት፣ ዐሥራ ስምንት ለዜሮ፣
ማሬት እስከ ወገቧ ተስፈንጥራ ወጣች፣ ክንዷ ከጆሮዋ ኋላ ዞሮ።
ገባ!
ጩኸቱ በብረቱ ወርዶ እኔ ጋ ደረሰ፤
የሃያ ሁለት ሰው ነው፣ ግን ቧንቧው ታመሰ።

እኔ ግን አይቼ ነበር፦ ሁለት ተረከዞች
ሰማያዊውን ሸክላ ረግጠው ሲገፉ።
ዳኛው አላየም። ሪጋዎችም አላዩ።
ኋላ እንደነገሩኝ፣ ማሬት እጇን አውጥታ
"ነክቻለሁ" አለች።
ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፣ ግራ ገባው፣ መልሶ ጎረሰ፤
የዓመቱ አንድ ግብ በአንድ ቃል ፈረሰ።

ኢልዲኮ አልጮኸችም። አላቀፈቻትምም።
ማታ ሁሉም ሲሄድ ነጩ ሰሌዳ ላይ ትልቅ ዜሮ ጽፋ
ቆማ አየችው፣
ቤት ሊሠራ መሠረት የቆፈረ ሰው
ጉድጓዱን እንደሚያይ።
"እንዳታጠፋው" አለችኝ።

በነጋታው አሥራ አንድ ሰዓት በረዶው ላይ ዘጠኝ ብስክሌት ተደግፏል፤
የወትሮው ስምንት ነበር። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።
ወደ ፓምፕ ክፍሌ ወርጄ
ውሃውን ለካሁ፣ ጻፍኩ፣
መስኮቴ ላይ ፎጣ ሰቀልኩ።